ጀበና፣ ቆሮሶ፣ አገልግል፦ ስለ ሥዕሎቼ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ያለችውን የሥዕል ክፍሌን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ።

ስቲል ላይፍ ምንድን ነው?

የማይንቀሳቀስ ዕቃ ሥዕል ነው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሎሚ፣ ብርጭቆ ውኃ፣ ዳቦ፣ አበባ፣ አሳ። ሠዓሊው ዕቃውን ራሱ ይመርጣል፣ ራሱ ይደረድራል፣ ከፊቱ ቁጭ ብሎ ይስለዋል። ንጉሥ የለበትም፣ ጦርነት የለበትም፣ ታሪክ የሚተርክ ሰውም የለበትም።

አውሮፓ ውስጥ ራሱን ችሎ የቆመው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሆላንዶች «ስቲልሌቨን» አሉት፤ ጸጥ ያለ ሕይወት እንደማለት ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ «ናቱር ሞርት» ይሉታል፣ የሞተ ተፈጥሮ። እኔ የሆላንዶቹ ይሻለኛል። ከከሰል ላይ አሁን የወረደ ጀበና የሞተ ነው ማለት አይሆንልኝም። ለእናቴ ሳስረዳት «የዕቃ ሥዕል» ነው ያልኳት። ወዲያው ገባት።

ምን ምን ትስያለሽ?

ቤት ውስጥ ያለውን። ጀበና ከነማቶቱ፣ ረከቦት፣ ሲኒ፣ ሙዳይ፣ አገልግል፣ ቅል፣ ብርሌ፣ የሸክላ ድስት። ከገበያ ሎሚ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ በወቅቱ ማንጎ። ከጣና ሐይቅ ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉትን አሳዎች። ከዘጌ ጌሾና ቡና ከነቅርንጫፉ።

አንዲት ትንሽ የደንገል ታንኳም አለችኝ። ሐይቁ ዳር የሚኖሩ የነገደ ወይጦ ባለሙያ የሠሯት ናት። ስገዛት አረንጓዴ ነበረች። ደንገል ሲደርቅ መጀመሪያ ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ገለባ ቀለም ይሄዳል። ያችኑ ታንኳ ሦስት ጊዜ ስያታለሁ፣ ሦስቱም ሥዕሎች የተለያዩ ናቸው።

ሥዕል የጀመርሽው እንዴት ነው?

ዘጌ ነው ተወልጄ ያደግኩት። እናቴ ስፌት ትሰፋ ነበር። ቀለም የተነከረውን ስንደዶና አክርማ የመለየት ሥራ የእኔ ነበር። ቀዩን ከቀይ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ። ግን ቀይ አንድ ዓይነት አይደለም። መጀመሪያ የተነከረውና መጨረሻ የተነከረው ይለያያል። እናቴ ሁለቱን አቀላቅዬ ካገኘችኝ ሁሉንም ታስፈታኝ ነበር። ዓይኔን የገራችው እሷ ናት።

ትምህርት ለመቀጠል ባሕር ዳር መጣሁ። ከትምህርት በኋላ አንድ ታፔላ የሚጽፍ ቤት ተቀጠርኩ። የፀጉር ቤት፣ የሆቴል፣ የጎማ ጥገና ታፔላ ጻፍኩ። አንድ ቀን የአሳ ቤት ታፔላ ታዘዘ። ቆሮሶ ግራጫ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ስንት ጊዜ በልቼዋለሁ እኮ። ለመሳል ስል ጠጋ ብዬ ሳየው ጀርባው ወይራ የመሰለ አረንጓዴ፣ ጎኑ ላይ ሐምራዊ ነገር፣ ጅራቱ ላይ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ዕድሜዬን ሙሉ ሳላየው ነበር የኖርኩት። በጣም ደነገጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ መሳል አላቆምኩም።

ተጽዕኖ ያሳደረብሽ ሠዓሊ ማን ነው?

ብዙ ሰው የአንድ ሰው ስም ጠብቆ ነው የሚጠይቀኝ። እናቴን አስቀድሜ ተናግሬአለሁ። ሁለተኛው ልጅ ሆኜ እዚያው ዘጌ በዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ያየኋቸው ሥዕሎች ናቸው። ሦስተኛው ሻርዳን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እሱን ያወቅኩት አንድ መምህር ባዋሱኝ መጽሐፍ ነው። ገጹ ደብዝዟል፣ ሥዕሉ የመዳፍ ያህል ነው። ግን ብርጭቆ ውኃና የቡና ማፍያ ተስሎበት ነበር። አንድ ሰው ከ200 ዓመት በፊት ፓሪስ ቁጭ ብሎ የእናቴን ጓዳ የሳለ መሰለኝ።

ሻርዳን ማን ነው? ለምንስ እሱን መረጥሽ?

ዣን ሲሜዮን ሻርዳን እ.ኤ.አ. በ1699 ፓሪስ ተወለደ። አባቱ የቢሊያርድ ጠረጴዛ የሚሠራ አናጺ ነበር። ልጁ እንደ ዘመኑ ታላላቅ ሠዓሊዎች ወደ ሮም ሄዶ አልተማረም። ሕይወቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ፓሪስ ውስጥ ኖሮ በ1779፣ በ80 ዓመቱ ሞተ። በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ንጉሣዊ አካዳሚ ሥዕልን በማዕረግ ከፋፍሎት ነበር። ከላይ የሃይማኖትና የታሪክ ሥዕል፣ ከታች ዕቃና ፍራፍሬ። ሻርዳን በ1728 አካዳሚው የገባው በዚያ በመጨረሻው ወንበር ነው። ካቀረባቸው ሥዕሎች አንዱ ሆዱ ተሰንጥቆ የተሰቀለ ጠፍጣፋ የባሕር አሳ ነው። ከሥሩ አንዲት ድመት ጀርባዋን አጉብጣለች። የአሳ ገበያ ደጋግሞ ለሚሄድ ሰው ያ ሥዕል እውነት ነው። ዛሬ ሉቭር ሙዚየም ይገኛል።

አሠራሩ አዝጋሚ ነበር። አንድ ድስት፣ አንድ ዋንጫ፣ አንድ የመዳብ ዕቃ ደጋግሞ ይስላል። ጎበዙ ጸሐፊ ዲድሮ በጣም ያደንቀው ነበር። ቀረብ ብለው ሲያዩት ቀለሙ የተደበላለቀ ነው፣ ራቅ ሲሉ ሁሉም ነገር ቦታውን ይይዛል ሲል ስለ እሱ ጽፏል። በስተርጅና ዓይኑ ሲታመም የዘይት ቀለሙን ትቶ ፓስቴል በሚባለው እንደ ጠመኔ ባለ ደረቅ ቀለም የራሱንና የሚስቱን ፊት ሳለ። እጁን አላጠፈም።

የእሱ መንገድ እኔን የሚያጽናናኝ ለዚህ ነው። የታችኛውን ወንበር ሰጡት፣ እሱም እዚያው ቁጭ ብሎ ሥራውን ሠራ። በ1761 ያሳየው አንድ ቅርጫት የዱር እንጆሪ ሥዕል በ2022 ፓሪስ ውስጥ ከ24 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ወጥቶበታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ከእንጆሪው አጠገብ ያለችው ብርጭቆ ውኃ ናት። ውኃን እንደዚያ አድርጎ ያየ ሰው አላውቅም።

ከጣና ገዳማት ሥዕሎች ጋር ምን አገናኘው? እዚያ እኮ ያሉት ቅዱሳን ናቸው።

እውነት ነው፣ ቅዱሳን ናቸው። ግን ቀስ ብላችሁ እዩ። በቃና ዘገሊላ ሥዕል ጋኖቹ አሉ። በጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ኅብስቱና ጽዋው አለ። በእመቤታችን እጅ ላይ መሐረብ አለ። ልጅ ሳለሁ ቅዳሴው ሲረዝምብኝ ዓይኔ የሚያርፈው እነዚህ ላይ ነበር።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ የበላዔ ሰብእ ሥዕል ነው። ታሪኩን የማያውቅ የለም። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው የተጠማ በሽተኛ ጥርኝ ውኃ ሰጠ። በፍርድ ቀን ነፍሳቱ በአንድ ወገን፣ ያቺ ውኃ በሌላ ወገን ሚዛን ላይ ተቀመጡ። የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍባት ውኃዋ መዘነች። እኔ ይህን ሥዕል ሳይ የማስበው ስለ ሠዓሊው ነው። ጥርኝ ውኃ ከ78 ነፍስ እንደምትመዝን በቀለም ማሳየት ነበረበት። ብርጭቆ ውኃ ለመሳል በተቀመጥኩ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ሻርዳንና የዑራው ሠዓሊ እኔ ውስጥ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ሌላም የወሰድኩት ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ደጎቹ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ክፉዎቹ በጎን ተስለው አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ዕቃ ስደረድር ጀበናዋን ፊት ለፊት ላድርጋት ወይስ በጎን ብዬ ረጅም ሰዓት የማስበው ከዚያ የተረፈኝ ልማድ ይመስለኛል።

ሴት የማትገባባቸው ገዳማት ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች አይተሻቸዋል?

አላየሁም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ዳጋ ላይ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈበት የእመቤታችን ሥዕል አለ። 15ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ስሙን የተወ ሠዓሊ ማግኘት ብርቅ ነው። እኔ የማውቀው በፎቶ ብቻ ነው።

አያስከፋሽም ወይ ይሉኛል። የገዳሙን ሥርዓት አከብራለሁ። ግን ሥዕሉን ቆሜ ባየው ደስ ይለኝ ነበር፣ ይህን አልደብቅም። ደግነቱ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ደቅ ላይ ያለው የእቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴ ለሁላችንም ክፍት ናቸው። ናርጋ ላይ እቴጌይቱ ራሷ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተስላለች። የልብሷን ጥለት እዩልኝ።

ምን ዓይነት ቀለምና ሸራ ትጠቀሚያለሽ?

የዘይት ቀለም። ቀለሙ የሚለወሰው በተልባ ዘይት ነው፤ ያው ለጾም የምንጠጣው ተልባ። አንድ ጊዜ ከገበያ ገዝቼ እቤት ጨምቄ ሞክሬ ነበር። ቀለሙ ጠቆረ፣ ለሳምንታትም እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር። ለሥዕል የሚሆነው የተጣራ መሆን አለበት። አሁን ተጣርቶ የመጣውን ነው የምገዛው።

ሸራ ሲጠፋ ወፍራም አቡጀዲ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሬ እሠራለሁ። መጀመሪያ ሙጫ፣ ከዚያ ነጭ ልባስ ይቀባል። ይህ ካልተደረገ ዘይቱ ጨርቁን ይበላዋል። በብዙዎቹ የጣና አብያተ ክርስቲያናትም ሥዕሉ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተስሎ ነው የመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው። ስለዚህ በአቡጀዲ መሳል የድህነት ምልክት ነው የሚሉኝን አልሰማም።

ሥዕል ለገዛችሁኝ አንድ አደራ። የዘይት ቀለም የሚደርቀው እንደ ልብስ ውኃው ተንኖ አይደለም፤ ከአየር ጋር ተዋህዶ ነው። ስለዚህ ጨለማ ቁምሳጥን ውስጥ አትዝጉበት፣ ይበጫል። ክረምት ላይ ደግሞ ከግድግዳው ጣት ያህል አራርቁት፣ አለበለዚያ ከኋላው ሻጋታ ይይዘዋል።

በግንቦት ለምን ክፍልሽ ዝግ ይሆናል?

በብርሃኑ ምክንያት ነው። ይህ ረጅም መልስ አለው፤ እኔም ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

የፈረንጅ የሥዕል መጻሕፍት ሁሉ አንድ ምክር አላቸው። መስኮትህ ወደ ሰሜን ይሁን ይላሉ። ከሰሜን የሚመጣ ብርሃን ቀጥተኛ ፀሐይ የለበትም፣ ጥላውም ቀኑን ሙሉ አይዘልም። እኔም አምኜ የሰሜን መስኮት ያለው ክፍል ተከራየሁ። ከመስከረም እስከ መጋቢት እጹብ ነበር። ሚያዝያ ሲጋመስ ግን ፀሐይ በዚያው መስኮት ገብታ ሎሚዬ ላይ ተቀመጠች። መጻሕፍቱ የተጻፉት ለፓሪስና ለአምስተርዳም ነው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ናት። ባሕር ዳር ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነው ያለችው። ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ በእኛ ሰሜን በኩል ነው የምታልፈው።

ሰኔና ሐምሌ ደመናው ይከልልልኛል። ችግሩ ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ነው። አሁን መስኮቱ ላይ ነጭ ነጠላ እሰቅላለሁ። ብርሃኑ ይለሰልሳል። እሱም ካልበቃ ዘግቼ ዘጌ እሄዳለሁ።

አሳው ሳትጨርሺ አይሸትም?

ይሸታል። ስለዚህ ቅደም ተከተል አለው። ሌሊት ተጠምዶ ያደረው አሳ ማለዳ ሐይቁ ዳር ሲወርድ እገዛለሁ። የጀርባ ሥዕሉን፣ ሳህኑን፣ ሎሚውን ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት ሠርቼ ነው የምጠብቀው። አሳው ሲመጣ ለእሱ የቀረው ቦታ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ዓይኑን እስላለሁ። ቀድሞ የሚደበዝዘው ዓይን ነው። ቀጥሎ የቅርፊቱን ብልጭታ፣ ከዚያ ስንጥቡ አካባቢ ያለውን ቀይ። ሆዱ መጨረሻ ነው፣ ብዙ አይቀየርም። እርጥብ የኮባ ቅጠል ላይ ሳስቀምጠው ትንሽ ጊዜ ይሰጠኛል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከጀመርኩ 4 ሰዓት ላይ ብሩሹን አስቀምጣለሁ። አሳው ለምሳ ይደርሳል፤ አንድም ጥዬ አላውቅም። በጾም ወቅት ደግሞ ለጎረቤት ልጆች ነው የምሰጠው።

በስልክ ፎቶ አንስተሽ ተረጋግተሽ ብትስዪስ?

ሞክሬአለሁ። ካሜራ አንድ ዓይን ነው፣ እኔ ሁለት አለኝ። የሸክላ ጀበና ጥላ ውስጥ ያለውን ቡናማ፣ ከጨርቁ የሚመለሰውን ትንሽ ሰማያዊ ስልኬ ጥቁር አድርጎ ያልፈዋል። ደግሞ ፎቶ የአንዲት ቅጽበት ነው። እኔ አንድ ጀበና ፊት አሥር ቀን ስቀመጥ ሥዕሉ ውስጥ አሥር ጠዋት ይገባል። በፎቶ የሚስሉትን አልነቅፍም፣ ጎበዞች አሉ። የእኔ ሥራ ግን ማየት ነው፤ ማየቱን ለስልክ ከሰጠሁት ምን ይቀረኛል?

አንዷን ጀበና ስንት ጊዜ ትስያለሽ? አይሰለችም?

አሁን ያለችኝን 40 ጊዜ ገደማ ስያታለሁ። አፏ ትንሽ ተሸርፏል። ቦሎኛ ከተማ ውስጥ ጆርጆ ሞራንዲ የሚባል ሠዓሊ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1890 እስከ 1964 የኖረ። ከሦስት እህቶቹ ጋር እየኖረ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ እነዚያኑ ጠርሙሶች ዕድሜውን ሙሉ ሳለ። አቧራቸውን እንኳ አያራግፍም ነበር። ከእሱ በፊት ደግሞ ስፔናዊው ሳንቼዝ ኮታን ጎመንና ፍራፍሬ በክር አንጠልጥሎ ሳለ፤ በ1603 ዓለምን ትቶ ገዳም ገባ። የጣናን መነኮሳት ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። አንድ ዳዊት በየቀኑ ይደገማል፣ ማንም ሰለቸኝ አይልም።

ይህ የፈረንጅ ጥበብ አይደለም ወይ?

ይህን ጥያቄ በቁጣ የሚጠይቁኝ አሉ። በቁጣ አልመልስም፣ ምክንያቱም ከፍቅር የመጣ ነው።

መንገዱ ከውጭ መጥቷል፣ አዎ። ግን የእኛ ሠዓሊዎች ሲቀበሉ የመጀመሪያቸው አይደለም። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መጥቶ እዚህ ለአሥርተ ዓመታት ሥሏል። ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ ደርሶን፣ ዛሬ በየቤታችን የተሰቀለችው ምስል ከእሷ ወጥታለች። መሐረቧም አብሮ ነው የመጣው። በ1591 ሮም የታተመ የዐረብኛ ወንጌል ውስጥ ያሉ ሥዕሎችን የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች አይተው በራሳቸው ቀለም፣ በራሳቸው ፊት፣ በራሳቸው ልብስ ሠርተዋቸዋል። ማንም ዛሬ የፈረንጅ ነው አይላቸውም። ቃሪያስ ከአሜሪካ አይደል የመጣው? በርበሬን የእኛ ያደረገው የእናቶቻችን እጅ ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እኔ የምስላቸው ዕቃዎች ከቤት እየወጡ ናቸው። እንስራውን ጀሪካን ተካው፣ ሙዳዩን ፕላስቲክ። ለምቾት ነው፣ አልፈርድም፤ እናቴም ውኃ በጀሪካን ብትቀዳ ኖሮ ወገቧ ይተርፍ ነበር። ግን እንስራ ሲወጣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው አሥር ቀን ቁጭ ብሎ ሊያየው ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ለምን ሰው አትስዪም?

ሰው አለ። ሲኒው ላይ የቀረው አተላ የማን ነው? ሦስት ሲኒ ከደረደርኩ ሦስት ሰው ተቀምጦ ነበር። አራተኛው ንጹሕ ከሆነ ያልመጣ ሰው አለ።

የሟች እናቴን መሶብ (ወይም ጀበና) ልትስዪልኝ ትችያለሽ?

ይህ በጣም የምጠየቀውና በጣም የምጠነቀቅበት ነው። አዎ፣ እስላለሁ። ግን ፎቶ አትላኩልኝ። ዕቃውን አምጡትና ለሦስት ሳምንት ተዉልኝ። እንደ አደራ ነው የማስቀምጠው፣ ማንም አይነካውም። የሌላ ሰው ዕቃ ከጎኑ አልደረድርም። ምን አብሮ ይቀመጥ እንደነበር ንገሩኝ፤ ነጭ ሽንኩርት ይሁን፣ ጤና አዳም ይሁን፣ መነጽሯ ይሁን።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰውዬ የእናቱን ጀበና አመጣልኝ። ለእኔ ክብር ብሎ በሳሙና ፈትጎ አጽድቶት ነበር። ከሥሩ የነበረው ጥላሸት፣ ጆሮው ላይ የእጇ ወዝ ያረፈበት ጥቁረት፣ ሁሉም ሄዷል። ሳልኩለት፣ ተቀበለኝ፣ ግን ሁለታችንም ቆመን ስናየው ዝም አልን። እና እባካችሁ፣ ስታመጡት አትጠቡት።